መልስ

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ጉም ጦሳን ሲውጠው፣
የተሰበረውን መስኮት የደፈነ ካርቶን፣ ነፋስ ሲያንቀጠቅጠው፣
አሥራ አንደኛ «ለ»፣ ሃያ ሦስት ሆነን፣
እጅ ከብብት ከትተን፣ እስክሪብቶ በጥርስ ይዘን።

«የፈጠራ ድርሰት» ብሎ ጻፈ በጠመኔ
መምህር አራጋው። መዋሸት መሰለኝ ለእኔ።

ባሕር ጻፍኩ መጀመሪያ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣
ከቦርከና የሰፋ ውሃ በእግሬ አልተሻገርኩም።
ማዕበል፣ መርከብ፣ ጨረቃ… ገጹን ሞላሁት ጢም አርጌ፤
መምህሩ በቀይ ሰረዘው፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ።
ከታች እንዲህ ይላል፦ «ይህ ባሕር አላራሰኝም።
ለሳምንት የምታውቀውን ጻፍ። ከዚህ በላይ አልልህም።»

ምን አውቃለሁ እኔ?
የቧንቧ ውሃን ዳገት፣ የሰኞ ገበያን ጭቃ፣
ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ ሰፈር የሚያነቃ
በረዶ፤ የእናቴን ስፌት መኪና፣ ሲበጠስ የምትረግመውን ክር…
ይሄ ይጻፋል እንዴ? ይሄ ምኑ ነው የሚነገር?

አጠገቤ ጦይብ ነበር።
ስም ሲጠራ «አለሁ» የማይል፣ እጁን ብቻ የሚያነሣ፤
ድምፁ የት እንደ ሄደ የጠየቀ የለም፣ ሁሉም ረሳ።
አንድ ቀን፣ በእረፍት፣ አንድ ፓስቲ ለሁለት ስንገምስ፣
ሹክ አለኝ፣ ወረቀት እንደሚቀደድ፣ ቀስ…
«ማታ ማታ ረዳት ነኝ። የኮምቦልቻ መስመር።
በሐረጎ ቁልቁለት በር ላይ ተንጠልጥዬ ስበር፣
‹ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! ሞላ!› ስል ነው እዚያ የሚቀረው
ድምፄ። አባቴ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።
ለማንም እንዳትነግረው።»

አልነገርኩም።
ጻፍኩት።
(ልዩነቱ ያኔ ትልቅ መስሎኝ ነበር።)

ስሙን «ከማል» አልኩት፤ ቢጫ ሻርፑን ግን አልቀየርኩ፣
በሩን፣ ቁልቁለቱን፣ የአባቱን አልጋ፣ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ።
ቆሜ ሳነብ ካርቶኑ እንኳ አልተንቀሳቀሰ።
ከዚያ ጭብጨባ። መምህሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መለሰ፤
«ይኸውላችሁ እውነት!» አለና ዘጠኝ ከአሥር ጻፈልኝ።
ጦይብ ሻርፑን ፈታ። አጣጠፈ። ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አላየኝ።

ሰኞ ጠዋት ዴስካችን ላይ ብቻዬን ነበርኩ።
ሰፊ ነው። ክርኔን ዘረጋሁ። መልሼ ሰበሰብኩ።

መምህሩን ጠየቅኩት፦ «የሰው ነገር ይጻፋል?»
ጠመኔውን ከጣቱ አራገፈ፣ በመስኮቱ ጉሙን አየ፣
«እኔ የእናቴን ጽፌያለሁ» አለኝ፤
«ማንበብ አትችልም። ለዚያ ነው የደፈርኩት።»
ሌላ አልጨመረም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩት።

ሰኔ ላይ፣ አክስቴ ጋ ልወርድ፣ ሚኒባስ ያዝኩ ከፒያሳ፤
«ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ይላል ያ ድምፅ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።
ሐረጎ ላይ ፍሬኑ ሲሸት፣ ጆሮዬ ሲደፈን፣
«ሒሳብ» አለ ከኋላ ጀምሮ፤ እኔ ጋ ሲደርስም «ሒሳብ» አለን፣
እኔንና ጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ እኩል።

መቶ ብር ሰጠሁት፣ ዝርዝር አይኖረውም ብዬ፤
«መልሱ ይቅር» ልለው ነበር፤ ቃሉ ቀረ ከጉሮሮዬ።
እሱ ግን ቆጠረ። ባለ አሥሩን፣ ባለ አምስቱን፣ የአንድ ብር ሳንቲሟ ሳትቀር፤
መዳፌ ላይ ሲያኖረው አየሁ፦ የመሃል ጣቱ ጎን
እስክሪብቶ ያበጀው ጠባሳ ነበር፣
ቀለሙ ገና ያልደረቀ።

ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፀሐዩ የሌላ አገር ነው፤ ጃኬቴን አወለቅኩ፣
የፋብሪካው አጥር ሥር ቆሜ ብሩን ደግሜ ቆጠርኩ።
ልክ ነው። አንድ ሳንቲም አልጎደለ።
እሱ መልሶልኛል።
ያልመለስኩት እኔ ነኝ።